«ጨጓራ ነው» ብለን እስከ መቼ?
በአንድ ጨጓራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕጢ አብሮ ሲገኝ



ከዲላ ከተማ ተነስቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው የጌዴኦ ጓሮ ዓይን የሚማርክ ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። ከሥራቸው እንሰቱ በሰፊ ቅጠሉ ተንሰራፍቶ ይታያል። በእንሰቱ መካከል ደግሞ ቡናው አለ። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣው ይህ የአስተራረስ ጥበብ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጓሮ ባለቤት አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። እንሰቱ ቢጠወልግበትና ከጎኑ ያለው ቡና ደግሞ ፍሬው ቢጠቁርበት፣ «ጓሮዬን በሽታ ገባበት» ብሎ ብቻ አይቀመጥም። እንሰቱን የሚያጠወልገው በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድንና የተቆረጠበትን ቢላዋ ማጽዳትን ይጠይቃል። የቡናውን ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ ግን በ1971 በአገራችን መኖሩ የታወቀ የፈንገስ በሽታ ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው። ገበሬው አንዱን በሽታ ማግኘቱ ሌላው እንደሌለ ዋስትና አይሆነውም። ጓሮው አንድ ቢሆንም በሽታው ሁለት ሊሆን ይችላልና።

የሰው ልጅ ጨጓራም ከዚህ ብዙ አይለይም። በአንድ ሰው ጨጓራ ውስጥ በዓይነታቸው፣ በመነሻቸውና በሕክምናቸው ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ዕጢዎች በአንድ ጊዜ በቅለው ሊገኙ ይችላሉ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ቢሆንም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ እንዲህ ያሉ ሕሙማን ታሪክ በየጊዜው ይወጣል። ለእኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ሁለት ዕጢ ላለበት ሰው ብቻ ሳይሆን «ጨጓራ አለብኝ» ለሚል ሁሉ የሚጠቅም ነው።

አንድ ቃል፣ ብዙ በሽታ

በቋንቋችን «ጨጓራ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ የአካል ክፍል ስም ነው። ሁለተኛ ደግሞ የበሽታ ስም ሆኗል። «ምን አመመህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጨጓራ ነው» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ቃሩም፣ የምግብ አለመፈጨቱም፣ ቁስለቱም፣ ውሎ አድሮ ነቀርሳ (ካንሰር) ሆኖ የሚገኘውም መጀመሪያ ላይ በዚሁ በአንድ ስም ይጠራል። ስም ከተሰጠው በኋላ ደግሞ የሰው ልብ ያርፋል፤ «ምን ይሆን?» ብሎ መጠየቁን ይተዋል።

እስቲ አንድ የዲላ ቤተሰብ በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። አባት በስልሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ የቡና ነጋዴ ናቸው። ጨጓራቸውን ማመም ከጀመራቸው ዓመታት አልፈዋል። ሲብስባቸው ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ይገዛሉ፤ ጥቂት ቀን ሲሻላቸው ይረሱታል። በቅርቡ ግን ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል፤ ጥቂት ጎርሰው «ጠገብኩ» ይላሉ። ልጃቸው፣

«አባባ፣ እባክዎ ሐዋሳ እንሂድና ይታዩ» ትላቸዋለች።

«ልጄ፣ የኔ በሽታ እኮ የታወቀ ነው፤ ጨጓራ ነው። ረመዷን ይለፍና እናያለን ኢንሻአላህ» ብለው ይመልሱላታል።

ረመዷን ያልፋል፤ የቡና መሰብሰቢያው ይደርሳል፤ እሱም ያልፋል። ይህ ቤተሰብ በምናባችን የሣልነው ነው። ብዙ አንባቢ ግን የገዛ ቤቱን ሳያይበት አይቀርም። እኒህ አባት ሲውል ሲያድር ሆስፒታል ቢሄዱ ሐኪሙ ምን ሊያገኝ እንደሚችል ቀጥለን እንመልከት።

ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለም

ጨጓራ ምግብ የሚቀመጥበት ተራ ከረጢት ብቻ አይደለም። ግድግዳው በንብርብር የተሠራ ነው። ከሁሉም በውስጥ በኩል አሲድና ልጋግ የሚያመነጨው ሽፋን አለ። በዚያው ሽፋን ውስጥ ሆርሞን የሚያመነጩ ጥቃቅን ሕዋሳት ተበትነው ይገኛሉ። ከሽፋኑ ሥር ምግቡን የሚያሽ ጡንቻ አለ፤ በጡንቻው መካከል ደግሞ የጨጓራውን እንቅስቃሴ በምት የሚመሩ ልዩ ሕዋሳት አሉ። ከእነዚህ እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ዕጢ ሊያበቅል ይችላል። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ከውስጠኛው ሽፋን የሚነሳው አዴኖካርሲኖማ ነው። ከአሥር የጨጓራ ነቀርሳዎች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የዚህ ዓይነት ናቸው። በተለምዶ «የጨጓራ ካንሰር» ስንል የምናወራው ስለ እሱ ነው።

ሁለተኛው ሊምፎማ ሲሆን ሰውነትን ከበሽታ ከሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይነሳል። በጨጓራ ላይ የሚታየውን አንዱን ዝግ ያለ ዓይነት በ1983 ለይተው ያስታወቁት ፒተር አይዛክሰንና ዴኒስ ራይት የተባሉ በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ ሐኪሞች ናቸው።

ሦስተኛው በአጭሩ ጂስት እየተባለ የሚጠራው ነው። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው የጨጓራን እንቅስቃሴ የሚመሩ ሕዋሳት ወገን ሲሆን የሚበቅለው ከሽፋኑ ሥር በጡንቻው ውስጥ ነው።

አራተኛው ከሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት የሚነሳው ነው። ይህን ዓይነት ዕጢ በ1907 ሲግፍሪድ ኦበርንዶርፈር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም «ካርሲኖይድ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ትርጉሙም «ነቀርሳ መሳይ» እንደማለት ነው።

እንግዲህ አብሮ መገኘት የምንለው ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ፣ አልፎ አልፎም ሦስቱ፣ በአንድ ሰው ጨጓራ ሲታዩ ነው። አንዳንዴ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ተራርቀው ይገኛሉ። አንዳንዴ ደግሞ ከሁለት አቅጣጫ አድገው ድንበር ላይ ይጋጠማሉ፤ ሐኪሞች እነዚህን «የተጋጩ ዕጢዎች» ይሏቸዋል። ሁለት ዓይነት ሕዋሳት እንደ ፈትል ተጠላልፈው በአንድ ዕጢ ውስጥ የሚታዩበት ጊዜም አለ።

ሁለት ዕጢ መታየቱ ብቻውን ሁለት በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም። አንዱ ከሌላው ተሰራጭቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም በ1932 ሺልድስ ዋረንና ኦሊቭ ጌትስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀስ መመዘኛ አወጡ። እያንዳንዱ ዕጢ በራሱ ነቀርሳ መሆኑ ይረጋገጥ፤ አንዱ ከሌላው የተለየ ይሁን፤ አንዱ የሌላው ቅርንጫፍ አለመሆኑ ይታወቅ የሚል ነው። ይህን ፍርድ የሚሰጠው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመለከተው የፓቶሎጂ ሐኪም ነው።

እንዴት አብረው ሊበቅሉ ቻሉ?

ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች ዋነኛው ወደ አንዲት ጥቃቅን ባክቴሪያ ይወስደናል። ታሪኩም ትዕግሥትን የሚያስተምር ነው።

ለረጅም ዘመን ሐኪሞች «ጨጓራ አሲድ ስለሆነ ባክቴሪያ አይኖርበትም» ብለው ያምኑ ነበር። በአውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ የሚሠራው የፓቶሎጂ ሐኪም ሮቢን ዋረን ግን ከ1979 ጀምሮ ከታመሙ ጨጓራዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎችን ያይ ነበር። ባሪ ማርሻል የተባለ ወጣት ሐኪም አብሮት መሥራት ጀመረና ባክቴሪያዎቹን በቤተ ሙከራ ለማራባት ተደጋጋሚ ሙከራ ተደረገ። ናሙናዎቹ እንደ ልማዱ ከሁለት ቀን በኋላ «ምንም የለም» እየተባሉ ይጣሉ ነበር። በ1982 የፋሲካ በዓል ሰሞን ሳህኖቹ ሳይታዩ ለአምስት ቀን ቆዩ። ሠራተኞቹ ከበዓሉ ሲመለሱ ባክቴሪያው በቅሎ ጠበቃቸው። በሁለተኛው ቀን «የለም» የተባለው ነገር በአምስተኛው ቀን ተገኘ ማለት ነው። ማርሻል ሰው ስላላመነው በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ። ሁለቱ ሐኪሞች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያዋ ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ ትባላለች።

ይህች ባክቴሪያ በጨጓራ ላይ በሁለት በኩል ጉዳት ታደርሳለች። በአንድ በኩል የውስጡን ሽፋን ለዓመታት እያቆሰለችና እያሳሳች ለአዴኖካርሲኖማ መንገድ ትጠርጋለች። በሌላ በኩል ሰውነት እሷን ለመዋጋት ነጭ የደም ሕዋሳቱን ወደ ጨጓራ እንዲልክ ታስገድዳለች፤ ሕዋሳቱ ለዓመታት በዚያ ሲከማቹና ሲራቡ አንዳንዴ ሊምፎማ ይወጣቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ ዕጢዎች አንድ ላይ ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሥራቸው አንድ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ክፍል በ1994 ኤች ፓይሎሪን ነቀርሳ አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቷታል። በኔዘርላንድስ የተካሄደ ሰፊ ጥናትም የዚህ ዓይነት የጨጓራ ሊምፎማ የነበረባቸው ሰዎች በኋላ አዴኖካርሲኖማ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ስድስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም አንዱ ቢድንም ክትትሉ አይቋረጥም።

ሌላው ምክንያት ደግሞ ግጥምጥሞሽ ነው። በ2006 የታተመ የጃፓን ጥናት በነቀርሳ ምክንያት በቀዶ ጥገና የወጡ 100 ጨጓራዎችን በጥቃቅን እየቆራረጠ መረመረ። በ35ቱ ላይ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የጂስት ዕጢዎች ተገኙ። ይህ ቁጥር ግን ሊያስደነግጠን አይገባም። እንዲህ ያሉት ደቃቅ ዕጢዎች አብዛኞቹ ሳያድጉና ሰው ሳይጎዱ ይኖራሉ። ሁለተኛ ዕጢ ተገኘ ማለት ሁልጊዜ ሁለተኛ የሞት ፍርድ ማለት አይደለም። የትኛው አደገኛ፣ የትኛው ገራም እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ለምን ይደበቃል?

ሐኪሙ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ባለ ካሜራ ጨጓራን ከውስጥ የሚያይበት መሣሪያ ኤንዶስኮፒ ይባላል። በዚሁ መሣሪያ ከሽፋኑ ላይ ትንንሽ ቁራጮች ናሙና ይወሰዳል። የሚያጠራጥር ቁስል ሲገኝ ከተለያየ ቦታ ስድስትና ከዚያ በላይ ቁራጭ እንዲወሰድ የሚመከረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ቁራጭ ደህና ሆኖ ሳለ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ያለው ነቀርሳ ሊሆን ይችላል።

ይሁንና መሣሪያው የሚቆነጥረው የላይኛውን ሽፋን ብቻ ነው። ጂስት ከሽፋኑ ሥር ስለሚበቅል በተለመደው አወሳሰድ ላይደረስበት ይችላል። በመሆኑም ላይ ያለው ዕጢ ሲታወቅ ከሥር ያለው ሳይታይ የሚቀርበትና በሲቲ ስካን ወይም በቀዶ ጥገና ጊዜ በድንገት የሚገኝበት ሁኔታ አለ። በማይክሮስኮፕ ሥር ደግሞ ሕዋሳቱን የሚለይ ልዩ ማቅለሚያ እስካልተጨመረ ድረስ አንዱ ዕጢ ሌላውን ሊመስል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሁለተኛውን የሚደብቀው የሰው ጠባይ ነው። አንድ መልስ ስናገኝ ፍለጋውን እናቆማለን። ይህ ቤተሰብንም ሐኪምንም የሚያጠቃ ድክመት ነው።

ስም ሲለወጥ ሕክምናም ይለወጣል

«ነቀርሳ ከሆነ ያው ነቀርሳ ነው፤ የስሙ መለያየት ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱን ከሚከተሉት ሁለት ታሪኮች እናገኛለን።

በ1993 በለንደን የሚሠሩ ሐኪሞች ዝግ ያለው የጨጓራ ሊምፎማ የነበረባቸውን ስድስት ሕሙማን ኤች ፓይሎሪን በሚያጠፋ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አከሙ። በአምስቱ ላይ ዕጢው ጠፋ። ዛሬ ይህ ሊምፎማ ከጨጓራ ሳይወጣ ከተደረሰበት ከአራት ሕሙማን በሦስቱ ገደማ በዚሁ መድኃኒት ብቻ ይጠፋል። አዴኖካርሲኖማን ግን ፀረ ባክቴሪያ አያድነውም፤ ቀዶ ጥገናና እንደ ሁኔታው ኬሞቴራፒ ያስፈልገዋል።

ጂስት ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተለመደ የጡንቻ ዕጢ እየተባለ በስህተት ሲጠራ ኖሯል። በ1998 ሴይኢቺ ሂሮታና የሥራ ባልደረቦቹ በጃፓን የዕጢውን መነሻ የሆነውን የዘር ለውጥ አገኙ። በ2000 ሄልሲንኪ ውስጥ በሰውነቷ የተሰራጨ ጂስት የነበረባት አንዲት ሴት ኢማቲኒብ የተባለ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ተሰጣትና ዕጢዎቹ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሱ። ኬሞቴራፒ ብዙም የማይበግረው በሽታ ትክክለኛ ስሙ ሲገኝለት መድኃኒቱም ተገኘ።

እንግዲህ ሊምፎማና አዴኖካርሲኖማ አብረው ያሉበት ሰው «ሊምፎማ ነው» ተብሎ ፀረ ባክቴሪያ ብቻ ተሰጥቶት ቢሄድ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ያድጋል። ሁለቱም ከታወቁ ግን ሐኪሞች መክረው ሕይወትን በይበልጥ የሚያሰጋውን ያስቀድማሉ፤ ወይም በአንድ ቀዶ ጥገና ሁለቱንም ያወጣሉ። ጨጓራን በከፊል ቆርጦ ማውጣት ቴዎዶር ቢልሮት በጥር 1881 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሳካው ወዲህ እጅግ የተሻሻለ ሕክምና ነው። ጨጓራው በከፊልም ሆነ በሙሉ የወጣለት ሰው ጥቂት ጥቂት እየበላ መኖር ይችላል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የጨጓራ ነቀርሳ በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 970 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ አዲስ የተገኘና 660 ሺህ ያህል ሰዎችን የገደለ በሽታ ነው። በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶባቸዋል። ባክቴሪያው ካለባቸው ውስጥ ነቀርሳ የሚይዛቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ መፍራት ሳይሆን መጠንቀቅ ነው የሚያስፈልገው። ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች ልብ እንበል።

አንደኛ፦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ሲውጡ መቸገር፣ ትውከት መደጋገም፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የደም ማነስ፣ ጥቂት በልቶ መጥገብ ናቸው። (የደም ማነስ ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው በክኒኑ ሊጠቁር ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር።) ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈና ከዚህ በፊት ሳያመው አሁን የጀመረው፣ እንዲሁም ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የጨጓራ ነቀርሳ የነበረበት ሰው የበለጠ ሊጠነቀቅ ይገባል።

ሁለተኛ፦ ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የሚገዛ ኦሜፕራዞል ሕመሙን ቢያስታግስም በሽታውን ሊሸፍን ይችላል። የኤች ፓይሎሪ ምርመራንም «የለም» ሊያሰኝ ስለሚችል ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት እንዲቋረጥ ይደረጋል፤ የሚቋረጠው ግን በሐኪም ምክር ነው። ከደም የሚወሰደው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም «አለ» ሊል ስለሚችል መዳንን ለማረጋገጥ የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል። እሱም የሚደረገው ፀረ ባክቴሪያው ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። የታዘዘውን መድኃኒት «ተሻለኝ» ብሎ ከመንገድ ማቋረጥ ባክቴሪያውን ያለማምደዋል።

ሦስተኛ፦ ኤንዶስኮፒን መፍራት አይገባም። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ መቆየትን ይጠይቃል። ይህም መጾም ለለመደ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ምርመራው ራሱ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃዎችን ነው። ሲያልቅ ሐኪሙን «ናሙና ተወስዷል? ከስንት ቦታ? ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አራተኛ፦ ናሙናው አማና ነው። ከዲላ ወደ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ አዲስ አበባ ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ናሙናውን ቤተሰብ ይዞ እንዲሄድ የሚታዘዝበት አጋጣሚ አለ። እንዲህ ሲሆን ዕቃው በደንብ የተከደነ፣ ናሙናው በፎርማሊን ውስጥ የጠለቀ፣ ስምና ቀን እንዲሁም ከየት የጨጓራ ክፍል እንደተወሰደ የተጻፈበት መሆኑን እናረጋግጥ። ከሁለት ቦታ የተወሰደ ናሙና በሁለት ዕቃ ይሁን። በውሃ መቀየር፣ እንዲደርቅ መተው፣ «ሥራ ሲቀለኝ እወስደዋለሁ» ብሎ ቤት ማሳደር አይገባም። በቀዶ ጥገና የወጣ አካልም ሳይመረመር አይጣል፤ ሁለተኛው ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያኔ ነው። ቤተሰቡ የወጣውን አካል መቅበር ቢፈልግ ምርመራው እንዳለቀ እንዲሰጠው አስቀድሞ ሐኪሙን ያነጋግር።

አምስተኛ፦ ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ማስነበብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ስም ሰምቶ መነሳት አይገባም። «ከዚህ ሌላ የተጻፈ ነገር አለ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብዙ ልትጠቅም ትችላለች። የቆዩ ወረቀቶችንም በአንድ ፖስታ አድርጎ ማስቀመጥ ለሚቀጥለው ሐኪም ትልቅ እገዛ ነው።

ስድስተኛ፦ ሕመሙን ከታማሚው መደበቅ። ብዙ ቤተሰብ በፍቅር ተነሳስቶ «ለአባታችን እንዳይነግሩብን» ሲል ሐኪሙን ይለምናል። የማያውቅ ሰው ግን «ድኛለሁ» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል፤ ሁለተኛው በሽታም ያኔ ያመልጣል። በለሰለሰ አንደበት፣ ሰው በሌለበት፣ ተስፋ ሳይቆርጡ መንገር ይቻላል። ኑዛዜውን፣ ዕዳውንና አደራውን ማስተካከል የሚፈልግ ሰው መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል።

ሰባተኛ፦ ጾምን በተመለከተ ሸሪዓ ለታመመ ሰው ማግራቱ የታወቀ ነው። በሕክምና ላይ ያለ፣ ጨጓራው የተቆረጠለት ወይም የሚደማ ሰው ስለ ጾሙ ሐኪሙንና ዓሊሙን ሳይጠይቅ በራሱ አይወስን። «ረመዷን ይለፍ» እያሉ ምርመራን ማስተላለፍም አያስፈልግም። ዱዓም ሕክምናም አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም።

ስለ ቡናችንስ?

በጌዴኦ ምድር ስለ ጨጓራ ተጽፎ ስለ ቡና ሳይነሳ አይታለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ክፍል በ2016 ብዙ ጥናቶችን መርምሮ ቡና ነቀርሳ ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። በዚያው ጊዜ ግን ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ፣ ቡናም ሆነ ሻይ፣ የምግብ ቧንቧን ለነቀርሳ ሊያጋልጥ እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ ቡናውን ጥቂት አብርዶ መጠጣት ነው። ቡና ሲጠጣ የሚያቃጥለው ሰው ቢቀንስ ይሻለዋል። ለጨጓራ ነቀርሳ እንደሚያጋልጡ በውል የታወቁት ሲጋራና ጨው የበዛበት ምግብ ናቸው።

ኤች ፓይሎሪ በአብዛኛው የሚተላለፈው በልጅነት፣ በቤተሰብ ውስጥ ነው። ንጹሕ ውሃ፣ እጅን ከመጸዳጃ በኋላና ከማዕድ በፊት በሳሙና መታጠብ፣ ለሕፃን ምግብ አኝኮ አለመስጠት ልጆቻችንን ከዚህ ባክቴሪያ ለመጠበቅ ይረዳሉ። ከቤተሰቡ መካከል የጨጓራ ነቀርሳ የተገኘበት ሰው ካለም ልጆቹና ወንድም እህቶቹ ስለ ኤች ፓይሎሪ ምርመራ ሐኪም ቢያማክሩ መልካም ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የጌዴኦ ገበሬ የጠወለገውን እንሰት ነቅሎ ሲያበቃ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ቀና ብሎ ቡናውንም ያያል። እኛም «ጨጓራ ነው» ብለን ከመቀመጥ «የትኛው? ብቻውንስ ነው?» ብለን እንጠይቅ። በምናባችን የሣልናት የዲላዋ ልጅ አባቷን አሁንም ደግማ ትለምናቸው። እሳቸውም እሺ ይበሏት።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይማርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።